የገንዲ በሽታን በሒሳብ መዋጋት

የእርሻ ጉልበቱ በሬ መሆኑ ከገበሬ የተሰወረ ነገር አይደለም። በሬው በሰኔ ወር የታመመበት ሰው መሬት እያለው፣ ዘር እያለው፣ የራሱም ክንድ ሳይዝል እርሻው ጦም ያድራል፤ ወይም የጎረቤቱን በሬ ለምኖ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ያርሳል። በቆላው አገር ይህን መከራ ከሚያመጡት በሽታዎች አንዱ ገንዲ ነው። በገንዲ የተያዘ ከብት ትኩሳቱ እየመጣ ይሄዳል፤ ደሙ ያንሳል፤ ሣርና ውሃ ሳይጎድልበት ሥጋው ያልቃል፤ ላሚቱ ትጨነግፋለች፤ ወተቷም ይነጥፋል፤ ሕክምና ካላገኘ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። አህያ፣ በቅሎና ፈረስም ከዚህ በሽታ አያመልጡም።

የበሽታው መነሻ ትሪፓኖሶም የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ነፍሳት ሲሆን፣ ከከብት ወደ ከብት ዋና አሸጋጋሪው የቆላ ዝንብ ነው። ይህን ነገር በ1890ዎቹ ዓመታት በደቡብ አፍሪካ በዙሉላንድ መርምረው የገለጡት ዴቪድ ብሩስ የተባሉ ሐኪም ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ነፍሳቱ የውጭ ሽፋኑን ዘወትር እየለዋወጠ ከከብቱ ሰውነት መከላከያ ስለሚያመልጥ እስከ ዛሬ ድረስ ክትባት አልተገኘለትም። የፈውስ መድኃኒቶቹም ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም በብዛትና ያለ ልክ ስለ ተሰጡ በብዙ ስፍራ ነፍሳቱ ለምዷቸዋል። እንግዲህ መርፌው ብቻውን የማይበቃ ከሆነ ከዝንቡ ጋር መታገል ግድ ነው ማለት ነው። ነገር ግን በጫካና በወንዝ ዳር የሚኖረውን የዝንብ መንጋ ማን ይጨርሰዋል? ለዚህ ጥያቄ ተስፋ ያለው መልስ ከሰጡት ጥበቦች አንዱ፣ ብዙ ሰው ከከብት ጋር የማያያይዘው፣ የሒሳብ ትምህርት ነው።

የካሳራኒው ቤተ ምርምር

ከናይሮቢ ከተማ መሐል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲኬድ ካሳራኒ የሚባል ቀበሌ ይገኛል። ስሙን ከሩቅ የሚያውቁት ሰዎች የሚያውቁት በታላቁ ስታዲዮም ምክንያት ነው። በዚሁ ቀበሌ ዱዱቪል የሚባል ግቢ አለ፤ «ዱዱ» በስዋሂሊ ቋንቋ ነፍሳት ማለት ስለ ሆነ የግቢው ስም «የነፍሳት ከተማ» እንደ ማለት ነው። ይህ ግቢ በኬንያዊው የነፍሳት ሊቅ በቶማስ ኦዲያምቦ አሳቢነት በ1970 የተመሠረተው ኢሲፔ የተባለው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ዋና መሥሪያ ቤት ነው። የማዕከሉ ዓላማ የአፍሪካን ተባዮች በአፍሪካ ምድር፣ አፍሪካውያን ሊቃውንት ባሉበት መመርመር ሲሆን፣ የቆላ ዝንብ ከመጀመሪያው አንሥቶ ከዋና ጉዳዮቹ አንዱ ሆኖ ቆይቷል። በዚያ ነፍሳትን በመነጽር ከሚመለከቱት ሊቃውንት ጎን፣ የነፍሳትን መብዛትና መዛመት በቁጥርና በካርታ የሚያሰሉ የሒሳብ ሰዎችም ይሠራሉ።

የእነዚህ ሰዎች ዋና መሣሪያ «ሞዴል» ወይም የሒሳብ አምሳያ ይባላል። ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ገበሬ ከአንድ ጎታ እህል ለቤተ ሰቡ ቀለብ በወር ይህን ያህል፣ ለዘር ይህን ያህል ብሎ እስከ መስከረም ይደርስ እንደ ሆነ አስቀድሞ ሲያሰላ የሚሠራው ሥራ ያው ነው። የሒሳብ ሊቁም ስንት ዝንብ ይወለዳል፣ ስንቱ ይሞታል፣ ስንቱ የታመመ ከብት ይነክሳል፣ ከዚያስ ስንቱ ጤነኛውን ይነክሳል ብሎ በወረቀት ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያም «ይህን ብንለውጥ ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል። በወረቀት ላይ የተሳሳተ ሰው ወረቀቱን ይቀድዳል፤ በመንጋ ላይ የተሳሳተ ግን በሬውን ይቀብራል። የአምሳያው ጥቅም ከዚህ ይጀምራል።

ይህን መንገድ ቀደም ብለው የጠረጉት ወባ በትንኝ አማካይነት እንደሚተላለፍ በ1897 በህንድ አገር ያረጋገጡት እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ ናቸው። በዘመናቸው ብዙ ሰዎች «ትንኝን ሁሉ ማጥፋት የማይቻል ስለ ሆነ ድካሙ ከንቱ ነው» ይሉ ነበር። ሮስ በ1911 ባሳተሙት መጽሐፍ በሒሳብ መለሱላቸው፤ ትንኞች ሁሉ ማለቅ አያስፈልጋቸውም፣ ቁጥራቸው ከአንድ ወሰን በታች ከወረደ በሽታው ራሱን መተካት አቅቶት ይከስማል ብለው አስረዱ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አንድ በሽተኛ ከመዳኑ ወይም ከመሞቱ በፊት በሽታውን ከአንድ በላይ ለሆኑ ሌሎች የሚያስተላልፍ ከሆነ በሽታው ይስፋፋል፤ ከአንድ በታች ለሆኑ ከሆነ ግን እንጨት እንዳጣ እሳት እያነሰ ይሄዳል። የእንስሳትና የሰው በሽታ ሒሳብ ሁሉ በዚህች «አንድ» ላይ ይመዘናል።

ወሊዷ እንደ ላም የሆነ ዝንብ

የቆላ ዝንብ ከአብዛኞቹ ሌሎች ዝንቦች የተለየ ጠባይ አላት። የቤት ዝንብ እንቁላሏን በመቶ እየቆጠረች ትጥላለች፤ ስለዚህ ዛሬ ቢገድሏት ነገ ቦታዋ ሞልቶ ይገኛል። የቆላ ዝንብ ግን እንቁላል አትጥልም። በሆዷ ውስጥ አንድ ዕጭ ብቻ ይዛ፣ ወተት በሚመስል ፈሳሽ እየመገበች አሳድጋ ትወልዳለች። የመጀመሪያውን የምትወልደው ከወጣች ከሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ በየ9 ወይም በየ10 ቀኑ አንድ አንድ ትወልዳለች። ዕጩም አፈር ውስጥ ገብቶ፣ ቅርፊት ለብሶ፣ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ዝንብ ትሁን እንጂ ወሊዷ እንደ ላም አንድ በአንድ ነው። ብርታቷ በብዛት መውለድ ሳይሆን ረጅም ዕድሜ መኖር ነው፤ ድክመቷም እዚሁ ላይ ነው።

ይህን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ቁጥሮቹ ነገሩን ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። በአንድ ሸለቆ ከሚኖሩ 100 ሴት ዝንቦች መካከል በተፈጥሮ በየቀኑ 2 ከመቶ ይሞታሉ እንበል። የመጀመሪያው ወሊድ በ18 ቀን፣ የሚቀጥሉት በየ10 ቀኑ፣ ከዕጮቹም ግማሾቹ ሴቶች፣ ከ100 ዕጭ 75ቱ በሰላም ዝንብ ሆነው የሚወጡ ይሁኑ። ሒሳቡ ሲደመር 100 እናቶች በዕድሜያቸው 380 ያህል ዕጮች ይወልዳሉ፤ ከእነዚህም 142 ሴቶች ልጆች ለአካለ ዝንብ ይበቃሉ። መቶዎቹ በመቶ አርባ ሁለት ተተኩ ማለት ነው፤ መንጋው ይበዛል።

አሁን ደግሞ ሰው ገብቶ በወጥመድ ወይም በመድኃኒት በየቀኑ ከመቶው 4 ብቻ ጨምሮ ይግደል። የዕለቱ ሞት 6 ከመቶ ሆነ። ለዓይን ሲታይ ይህ ከንቱ ልፋት ይመስላል፤ ከ100 ዝንብ ዛሬ 94ቱ በሕይወት አሉና። ነገር ግን እናቶቹ ብዙ ጊዜ ለመውለድ ዕድሜ አጡ። መቶዎቹ የሚወልዱት ዕጭ ወደ 71 ይወርዳል፤ ለአካለ ዝንብ የሚበቁት ሴቶች ልጆችም 27 ብቻ ይሆናሉ። ሃያ ሰባቱ 7ን ይተካሉ፤ ሰባቱም 2ን። ሥራው ሳይቋረጥ ከቀጠለ መንጋው በጥቂት ትውልድ ያልቃል።

ይህ የወረቀት ተስፋ ብቻ አልነበረም። በዚምባብዌ ጆን ሃርግሮቭ የተባሉ የሒሳብ ሊቅ ከሴት ዝንቦች በየቀኑ 4 ከመቶ ያህሉን ሳያቋርጡ መግደል የቆላ ዝንብን መንጋ ለማጥፋት እንደሚበቃ አሳይተዋል። ግሊን ቬልና ባልደረቦቻቸውም የከብት ሽታ ያለበትና መድኃኒት የተነከረ ጨርቅ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 4 ወይም 5 ያህል ብቻ እየተከሉ በሜዳ ላይ አረጋግጠውታል።

የሁለት ንክሻ ሒሳብ

ዝንብን መግደል ሌላም ጥቅም አለው። ዝንቢቱ የታመመ ከብት ደም በጠጣች ዕለት ወዲያውኑ በሽታ አታስተላልፍም፤ ነፍሳቱ በሰውነቷ ውስጥ መብሰል አለበት። ከገንዲ ዓይነቶች ብርቱ የሆነው አንዱ ለመብሰል ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። እንግዲህ በበሽታ ረገድ አደገኛዋ አሮጊቷ ዝንብ ናት። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ፣ የዕለቱ ሞት 2 ከመቶ ሲሆን ከ100 ዝንቦች 67ቱ ሃያኛውን ቀን ያያሉ፤ 6 ከመቶ ሲሆን ግን 29ኙ ብቻ። ስለዚህ የዝንቡ ቁጥር ገና ብዙ ሳይቀንስ የአደገኞቹ ቁጥር አስቀድሞ ይወርዳል።

ከዚህም ሌላ አንድ ዝንብ በሽታን ለማሸጋገር ሁለት ጊዜ መንከስ አለባት፤ አንድ ጊዜ ለመቀበል፣ አንድ ጊዜ ለመስጠት። ከብቶቹ የሚነከሱበት ጊዜ በግማሽ ቢቀንስ በሽታን የሚቀበሉት ዝንቦች በግማሽ ይቀንሳሉ፤ እነዚህም የሚሰጡት በግማሽ ይቀንሳል። የግማሽ ግማሽ ሩብ ነው። ዝንቢቱን ሳይገድሉ ከከብቱ ማራቅም ትልቅ ትርፍ ሊያመጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የንጉሩማን ትምህርት

በደቡብ ምዕራብ ኬንያ፣ ከማጋዲ ሐይቅ ባሻገር፣ በስምጥ ሸለቆው ግርጌ ንጉሩማን የሚባል የማሳይ ከብት አርቢዎች አገር አለ። የኢሲፔ ሊቃውንት በ1980ዎቹ ዓመታት በዚያ ተቀምጠው ከነዋሪው ጋር በቀላሉ የሚሰፋ ወጥመድ አወጡ፤ ስሙም ከቦታው ተወስዶ «ንጉ» ተባለ። ሰማያዊ ጨርቅ ዝንቢቱን ከሩቅ ይጠራታል፤ ጥቁሩ ጨርቅ እንድታርፍ ያደርጋታል፤ ከዚያ ወደ ብርሃን ስትወጣ መረቡ ይይዛታል፤ የፀሐይ ሙቀትም ይገድላታል። መጥሪያው የላም ሽንትና አሴቶን የሚባል ፈሳሽ ነው። ተባይ ማጥፊያ መድኃኒት የለበትም።

በ1987 ወደ 190 የሚሆኑ ወጥመዶች 100 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚያህል ስፍራ ተተከሉ። በወራት ጊዜ ውስጥ የዝንቡ ቁጥር ወጥመድ ከሌለበት አካባቢ ጋር ሲመዛዘን በ98 እና በ99 ከመቶ ቀነሰ። ሒሳቡ እውነት ሆነ። ነገር ግን ዝናብ በመጣ ጊዜ፣ ጫካውም በለመለመ ጊዜ፣ ወጥመድ ካልተተከለበት ወገን አዲስ ዝንብ እየበረረ ገባ። ከዚህ ሁለት ቁም ነገር ይወጣል።

አንደኛ፣ ዝንብ የወረዳ ወሰን አያውቅም። አንድ መንደር ብቻውን ቢደክም ዳር ዳሩ ምንጊዜም ክፍት ነው። የሚጠበቀው አገር በሰፋ መጠን ግን ዳሩ ከመሐሉ እያነሰ ስለሚሄድ ድካሙ ይቀልላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌ በሒሳብም የሚረጋገጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ሥራው አደጋ ላይ የሚወድቀው በተሸነፈበት ሰዓት ሳይሆን ባሸነፈበት ሰዓት ነው። ወጥመዱ ውስጥ በቀን መቶ ዝንብ ሲገኝ ገበሬውም ሹሙም ይተጋሉ። አንድ ወይም ሁለት ሲገኝ ግን ገበሬው «አለቀ» ብሎ ወጥመዱን ማደስ ይተዋል፤ በጀት የሚያዘው ባለሥልጣንም «ዝንብ የለም፤ ገንዘቡ ለሌላ ይዋል» ይላል። የዕለቱ ሞት ከ6 ከመቶ ወደ 2 ከመቶ በተመለሰ ዕለት ግን የቀሩት ጥቂቶች እንደገና በ100 እናት 142 ልጅ መተካት ይጀምራሉ። የብዙ ዓመት ድካምና ገንዘብ በአንድ የክረምት ቸልታ ይጠፋል። የሒሳብ አምሳያው ለባለሥልጣን የሚሰጠው ትልቁ ምክር ይኸው ነው፤ የዝንቡ ማነስ የሥራው ማብቂያ ምልክት አይደለም።

የአንገት ማሰሪያውና የጎረቤት ጉዳይ

ዘላን ከብት አርቢ ከቦታ ቦታ ስለሚዘዋወር ወጥመድ ተክሎ መጠበቅ አይመቸውም። ስለዚህ የካሳራኒው ማዕከል ከከብቱ ጋር አብሮ የሚሄድ መከላከያ ፈለገ። ዋተርባክ የተባለው በውሃ ዳር የሚሰማራ ባለ ቀንድ የዱር እንስሳ በቆላ ዝንብ አገር እየኖረ ዝንቡ ብዙ አይነካውም፤ ሽታውን ይጠላዋልና። ሊቃውንቱ ይህን ሽታ ለይተው፣ በቤተ ሙከራ አዘጋጅተው፣ ቀስ እያለ በሚተን ብልቃጥ በከብቱ አንገት ላይ አሰሩት። በኬንያ የባሕር ጠረፍ በክዋሌ አውራጃ የተደረገውና በ2017 የታተመው ሙከራ ማሰሪያው የታሰረላቸው ከብቶች በበሽታው መያዝ ከ80 ከመቶ በላይ እንደ ቀነሰ ገልጿል።

ይሁን እንጂ መንገዱ ቀና ብቻ አልነበረም። ከዚያ በፊት በአንድ ዓይነት ማባረሪያ ብቻ በማሳይ አገር የተደረገውና በ2010 የታተመው ሙከራ በሽታውን የቀነሰው 18 ከመቶ ብቻ ነበር። መርማሪዎቹ አስቀድመው ቢያንስ 50 ከመቶ ካልቀነሰ ለገበሬ አይበቃም ብለው ወስነው ስለ ነበር፣ መሣሪያው እንዳልበቃ ያለ ማፈር ጻፉ። ወሰኑን ከሙከራው በፊት ማስቀመጥ፣ ውጤቱንም እንደ ተገኘ መናገር፣ የቁጥር ትምህርት ሌላው በጎ ልማድ ነው።

በዚህ ላይ ሒሳቡ አንድ የጽድቅ ጥያቄ ያነሣል። ከአንዱ ከብት የተባረረች ዝንብ ወዴት ትሄዳለች? ዐሥር መንጋዎች በቀን እያንዳንዳቸው 100 ጊዜ ይነከሱ ነበር እንበል። አምስቱ ማሰሪያ አግኝተው ንክሻው ወደ 20 ቢወርድላቸው 400 ንክሻ ይተርፋል። የተባረሩት ዝንቦች ሁሉ ወደ ቀሩት አምስት መንጋዎች ቢዞሩ የእነዚያ ንክሻ ከ100 ወደ 180 ይወጣል። ከዝንቦቹ አንዳንዶቹ በረሀብ ሊሞቱ ወይም ወደ ዱር እንስሳ ሊሄዱ ስለሚችሉ ጉዳቱ ይህን ያህል ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ማሰሪያውን መግዛት የሚችል ባለጸጋ የራሱን በሽታ ወደ ድኻው በረት እንዳይነዳ ማሰብ ይገባል። ስለዚህ ማባረሪያው ባለበት መንደር ዳር ወጥመድ መትከል ይመከራል፤ በአንድ በኩል የተገፋችው ዝንብ በሌላው በኩል እንድትያዝ ነው።

የኢትዮጵያ ቆላ

በኢትዮጵያ አምስት ዓይነት የቆላ ዝንብ ይገኛል፤ መኖሪያቸውም በደቡብ ምዕራብና በምዕራብ ያሉት የግቤ፣ የኦሞ፣ የባሮ፣ የዴዴሳና የዓባይ ሸለቆዎች ናቸው። ውሃና ለም መሬት ሞልቶ ሳለ በበሬ ማረስ ያስቸገረው በእነዚህ ስፍራዎች ነው። በግቤ ሸለቆ የተደረጉት የረጅም ጊዜ ጥናቶች ነፍሳቱ ከአንድ በላይ ለሆኑ መድኃኒቶች እንደ ለመደ አሳይተዋል። በጉራጌ አገር በሉቄ ደግሞ ኢሲፔ ከነዋሪው ጋር ሆኖ ወጥመዶች ተክሏል፤ በየወጥመዱ የተያዘው ዝንብ እየተቆጠረ በካርታ ላይ ይሰፍር ነበር፤ ካርታውም ዝንብ የተከማቸበትን ጥግ ሲያሳይ ተጨማሪ ወጥመድ ወደዚያ ይሄድ ነበር። በዚህ ዓይነት ጥቂቱ ወጥመድ የብዙውን ሥራ ሠራ፤ በሽታው ቀነሰ፣ የላሞቹ ወሊድና ወተትም ጨመረ። ሞዴል ማለት ይህ ነው፤ ቆጥሮ ማወቅ፣ አውቆ መሥራት፣ ሠርቶም እንደገና መቁጠር።

ገበሬውና ሹሙ ምን ያድርጉ?

ከተባለው ሁሉ የሚከተለው ምክር ይወጣል።

1ኛ. ከከብቶቹ የከሳ፣ ጠጉሩ የቆመና ትኩሳቱ የሚመላለስ ካለ ለእንስሳት ሐኪም ደሙን ማስመርመር። መድኃኒትን በገበያ እየገዙ በግምት መውጋት ነፍሳቱን ያለማምዳል።

2ኛ. የቆላ ዝንብ በአብዛኛው የምታርፈው በእግርና በሆድ ላይ ነው፤ ትልልቆቹንም ከብቶች ከጥጆች አብልጣ ትነክሳለች። ስለዚህ ሐኪሙ በሚፈቅደው የዝንብ ማጥፊያ የበሬዎቹንና የትልልቆቹን ላሞች እግርና ሆድ ብቻ መርጨት ወጪውን እጅግ ያቀልላል።

3ኛ. ወጥመድ የመንደሩ ሁሉ ንብረት ነው። ጨርቁን ለልብስ ብሎ የሚወስድ ሰው የራሱን በሬ ይጎዳል። የተቀደደው በጊዜው ይሰፋ፤ ሣር የሸፈነው ይመንጠር።

4ኛ. በየሳምንቱ በወጥመዱ የተገኘው ዝንብ ይቆጠር፤ ቁጥሩም ከነቀኑ በመዝገብ ይጻፍ። ፊደል የቆጠረ አንድ ልጅ ይህን ሊሠራ ይችላል። ያለዚህ መዝገብ የሊቃውንቱ ሒሳብ ሁሉ ባዶ ነው።

5ኛ. ዕቅድና በጀት የሚያወጡ ሹማምንት ለመጀመሪያው ዓመት ዘመቻ ብቻ ሳይሆን፣ ዝንቡ ካነሰ በኋላ ለሚያስፈልገው ጥበቃም አስቀድመው ገንዘብ ይያዙ፤ ጎረቤት ወረዳዎችም በአንድ ጊዜ ይሥሩ።

ገንዲ በአንድ ታላቅ ምት የሚወድቅ ጠላት አይደለም። ነገር ግን ከመቶው አራት፣ ዛሬም አራት፣ ነገም አራት እያለ የሚሠራ መንደር የማይሸነፈውን ያሸንፋል። ከመቶ አራት ማለት ትንሽ ቁጥር ነው፤ ሳይቋረጥ ከተጠበቀ ግን በሰኔ ወር በሬውን ከቀንበር ሥር ያቆየዋል።